ለማይታመመው በሽተኛ ስለተያዘው አልጋ

ለክቡር አቶ መሳፍንት
የዐይን ክሊኒካችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎም ኮምፒውተሮችዎም ደኅና ትሆኑ ዘንድ እመኛለሁ፤ የኮምፒውተሮቹን ጤንነት ግን ሳይታክቱ እንደሚከታተሉ ስለማውቅ ስለ እነሱ ብዙም አልሰጋም።

እኔ ከማርቆስ እስከ ሮብ ገበያ ከተማ ሚኒባስ የምነዳው ጌቱ ነኝ። እናቴን ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያትን ሁለቱንም ዐይኖቿን ሞራ ስለጋረዳት፣ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና በሚያደርጉበት በየረቡዑ ይዣት እመጣለሁ። ተጠባባቂ ናትና፣ ባለ ቀጠሮ ከቀረ በእሱ ቦታ ትገባለች ተብለናል። ስለዚህ የሚከተለውን አቤቱታ በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በየረቡዑ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው አቶ ሙሉሰው አወቀ የሚባል የሮብ ገበያ ሰው ነው። ነርሷ ሥራነሽ ከበር ወጥታ ትጣራለች፣ ዘበኛውም ተቀብሎ እስከ ውጭ በር ያሰማል፣ ሰውዬው ግን የለም። ይሁንና ኮምፒውተሩ «ደርሷል» ስለሚል ቦታው ለሌላ አይሰጥም። አልጋው እንደተነጠፈ ይውላል፤ እናቴም አግዳሚው ላይ ውላ ትመለሳለች። እርስዎም አፋጣኝ መፍትሔ በመሻት፣ ታካሚዎች ተራቸው ሳይደርስ ከግቢ እንዳይወጡ የሚያሳስብ ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ አስለጥፈዋል፤ ዐይኑ ለማያይ ሕዝብ ስለጻፉለት ጽሑፍ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፣ ተጠባባቂዎቹ ለዚህ ሰው እጅግ አዝነዋል። እናቴማ የራሷን ረስታ፣ አቅም አጥቶ ከመንገድ ቀርቶ ይሆናል፣ መኪና ይዘህ እንዴት አታመጣውም ብላ ተቆጣችኝ። ሮብ ገበያን ቤት ለቤት ጠየቅሁ፤ የሚያውቀው አልተገኘም። በመጨረሻ ሥራነሽን ለምኜ ቀጠሮው ላይ የተመዘገበውን ስልክ ተቀበልሁና ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ብደውል፣ ከግድግዳው ማዶ፣ ከእርስዎ ቢሮ ጮኸ።

ሦስተኛ፣ እርስዎም ሳይሰለቹ አስረዱኝ። ቀጠሮ መያዣው መሥራቱን ለመፈተን አንድ ቀን በፈጠሩት ስምና በራስዎ ስልክ ቀጠሮ ሲይዙ፣ «ደርሷል» የሚለውንም ሲጫኑ፣ ኮምፒውተሩ እጅዎ የሄደበትን ሁሉ ቀድቶ አስቀረ፤ አሁን እርስዎ ሳይነኩት በየረቡዑ ያንኑ ይደግማል። የሚደግመውም ለሙከራ በተለየ ቅጂ ላይ ሳይሆን፣ እኛ በምንታከምበት ላይ ነው። ሲጨርስም ፈተናው ተሳክቷል ለማለት «አልፏል» የሚል አረንጓዴ ምልክት ያወጣል። እባክዎ ያስቁሙት ብልዎ፣ ከቆመ ምልክቱ ከወርኃዊ ሪፖርቱ ላይ ይጠፋል አሉኝ። የእናቴ ዐይን ሪፖርት ላይ የለም፤ ቢጠፋም የሚጠይቅዎ አይኖርም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ቢቻል አንዲት ረቡዕ ብቻ ለአቶ ሙሉሰው ዕረፍት ቢሰጡልን። እስካሁን ሕመም ያልጎበኘው ሰው ነውና አንድ ሳምንት ቢዘገይ የሚጎዳ አይመስለኝም። እናቴ ግን ባለፈው ሳምንት ከመኪናዬ ስትወርድ እጄን ይዛ፣ የያዘችው የእኔን እጅ መሆኑን ጠየቀችኝ።

ለማሽን ያለዎትን ርኅራኄ አምላክ ለሰውም ያድልዎ ዘንድ እየለመንሁ፣ ከጥልቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ልጅ፣ የአቶ ሙሉሰው ፈላጊ የነበርሁት
ጌቱ አስማማው

ማሳሰቢያ፦ አቶ ሙሉሰው ያልተፈጠረ ሰው መሆኑን ለተጠባባቂዎቹ ብነግራቸው አላመኑኝም፤ ደርሷል ተብሎ የጠፋ ሰው ሞቶ ነው ብለው ቆርጠዋል። ከእርስዎ ስልክ በቀር የታወቀ ዘመድ ስለሌለው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ንፍሮ ይዘው ቤትዎ ለቅሶ ሊደርሱ ተስማምተዋል፤ የማመጣቸውም እኔ ነኝ። እናቴ ፊትዎን ስለማታይ እጇን ይዤ እርስዎ ዘንድ አደርሳታለሁ። እግዚአብሔር ያጽናዎ ስትልዎ፣ አልጋዋን ማን እንደያዘባት እርስዎ ይንገሯት።