በፍስክ ቀን ድንች

እማዬ፣

ትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲያስተምሩን መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል ብለውን ነበር። ያንቺን ጤና መጠየቅ ስለማልችል የእኛን ልንገርሽ። አባዬ ደህና ነው፣ ትንሽ ከስቷል። ትንሿ ልጅሽ ኪያ ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቆ እንደገና በቅሎላታል፤ ስትስቅ ብታያት ሌላ ልጅ ትመስልሻለች። እኔም ደህና ነኝ። ከተለየሽን አሥር ወር ከሁለት ሳምንት ሆነ። ይህን ሁሉ ጊዜ ያልጻፍኩልሽ የምነግርሽ ነገር ስላልነበረኝ ነው። አሁን አለኝ። ትናንት ገና ነበር። እትዬ የሺን ተበቀልኩልሽ።

ቤታችን እንደተውሽው አይደለም። የሳሎኑ መጋረጃ በአንድ በኩል ከመንጠቆው ወልቆ ተንጠልጥሏል፤ የሰቀለው ሰው የለም። ከጓሮ ያለው ሜዳ ግማሹ ታጥሯል፣ ልጆቹ ግን በቀረው ላይ ይጫወታሉ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ አልቀጠልኩም፤ ቤቱን የሚይዝ ሰው ጠፋ። አባዬ «ለአንድ ዓመት ብቻ ነው» ይላል። ፋሲካን ጎረቤት ያመጣልንን እየበላን፣ እያለቀስን አሳለፍነው። እንቁጣጣሽም ዝም ብሎ አለፈ። ገና ግን ዝም ብሎ የሚያልፍ አይደለም። የአባዬ ወገን እኛ ቤት፣ ሰበታ የሚሰበሰብበት ቀን ነው፤ አጎቴ ዲሪባ ከሱሉልታ፣ እትዬ የሺ ከቡራዩ።

የአባዬን ታላቅ እህት ላንቺ መግለጽ አያስፈልገኝም። ግን ልጽፈው እፈልጋለሁ፤ ስጽፈው ንዴቴ አይጠፋብኝም። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት። በዚህ ደብዳቤ ግን እሷ እላታለሁ፤ ይህም ከበቀሌ አንዱ ነው። ገና ከመግባቷ ጣቷን ቡፌው ላይ ታስኬድና ወደ መስኮቱ ብርሃን ታዞረዋለች፣ አቧራ ፍለጋ። ቄጠማው ከሳሳ ትናገራለች፣ ከበዛም ትናገራለች። ወጡን ቀምሳ ስህተት ስታጣ «ምንም አይል» ትላለች። ትልቁ ምስጋናዋ ይኸው ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ጭልፋውን ከእጅሽ ወስዳ የዶሮውን ብልት መቁጠሯ ነበር። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣዋል፤ አሥራ ሁለት ያላወጣች ሴት እሷ ዘንድ ሴት አይደለችም። በሰው ፊት፣ አንድ በአንድ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ትቆጥር ነበር።

ያ ነገር የሆነበት የገና ቀን ስምንት ዓመቴ ነበር። «አሥር፣ አሥራ አንድ» አለችና ጭልፋውን መልሳ ድስቱን አማሰለች። ከዚያ እንደገና አማሰለች። «ፈረሰኛው የታለ? የወንድሜ ድርሻ የታለ?» አለች። ለአባወራ የሚወጣው ምርጡ ብልት ጠፍቶ ነበር። «ምነው፣ ግማሿ በርራ ነው እንዴ ግማሿ የታረደችው?» ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። አባዬም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምሽ «የአሥራ አንዷ» ሆነ። ስልክ ስትደውል «የአሥራ አንዷ ደህና ናት?» ነበር የምትለው። በቀብርሽ ማግስት እንኳ ድንኳን ውስጥ «የአሥራ አንዷ ሄደችብኝ» ብላ አለቀሰች። ማልቀሷ እውነት ነው። ግን በዚያ ስም ነው ያለቀሰችሽ።

ፈረሰኛውን የበላሁት እኔ ነበርኩ። አንቺ ታውቂያለሽ። አርባ ሦስት ቀን ጾማችሁ ቤቱ በወጥ ሽታ ሲሞላ አላስቻለኝም፤ ከድስቱ በእጄ አወጣሁት። እሷ ፈረሰኛው የታለ ስትል እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ወደ እኔ ከመዞሯ በፊት መጣሽና በነጠላሽ ጫፍ አፌን ጠረግሽው። ቀይ አፌን አይተሽ ነበር፤ ዓይኔንም አየሽ፣ ከዚያ ወደ እነሱ ዞረሽ «ስበልት ከእጄ ሳይወድቅ አልቀረም» አልሽ። እሷም ይህን አግኝታ አልተወችሽም፤ «ነጠላሽ ላይም ወጥ!» አለች።

በሰው ፊት ሆዳም ብባል እንደማልችለው አውቀሽ ነው። ሰው ሲያየኝ አንገቴን የምሰብር ልጅ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። ቦንቱ ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ ኩሩ እንድሆን ነበር፤ እኔ ግን ከበር ጀርባ አደግሁ። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ከአፌ አልወጣም። አንቺም አንድ ቀን እንኳ አላነሳሽብኝም።

ከዚያ በኋላ ገና ላንቺ በዓል መሆኑ ቀረ። ሦስት ቀን ሲቀረው መጋረጃ አውርደሽ ታጥቢያለሽ፣ ምንጣፉን ታራግፊያለሽ፣ ሽንኩርቱን ዓይንሽ እስኪያብጥ ትከትፊያለሽ። ዶሮውን በሎሚና በጨው፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ታጥቢያለሽ። ብልቱን ድስት ውስጥ ከመክተትሽ በፊት ሦስቴ ትቆጥሪያለሽ፤ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይሻለሁ። አንድ ዓመት እንቁላል ስትልጪ ትንሽ ስለተቦጨቀብሽ አለቀስሽ። በእንቁላል! የገደለሽ በሽታ መሆኑን አውቃለሁ። ደም ግፊት ነው ብለውናል። ግን ሐኪሙ «አትጨናነቂ» ያለሽ ኅዳር ላይ ነበር፤ ታኅሣሥ ላይ ወንበር ላይ ቆመሽ የጣሪያ ድር ትጠርጊ ነበር፣ እሷ ቀና ብላ ብታይስ ብለሽ።

እንግዳው ሲበላ አንቺና እኔ ማጀት ነበርን። ከድስቱ መረቅ እንጂ ብልት አይተርፍሽም። ያን ጊዜ ሁለት ድንች ትቀቅያለሽ። ትኩሱን ከእጅ እጅ እያገላበጥሽ፣ «ኡፍ፣ ኡፍ» እያልሽ ትልጪና ቅቤና ሚጥሚጣ ጣል ታደርጊበታለሽ። አንቺ በርጩማሽ ላይ፣ እኔ ጆንያው ላይ። ከጓሮ የገና ጨዋታ ጩኸት ሲመጣ «ማን አሸነፈ?» ትዪኛለሽ፤ እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አይቼ እነግርሻለሁ። ሜዳው ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። አንድም ገና ሄደሽ አላየሽም። እማዬ፣ ገና ምን ምን ይላል ቢሉኝ ያን ድንች ነው የምለው። ሌላው ሁሉ የእሷ ነበር።

ዘንድሮ ሳምንት ሲቀረው ደወለች። «ቦንቱ፣ እንግዲህ የቤቱ ሴት አንቺ ነሽ። ከእናትሽ ትሻይ እንደሆነ እናያለን» አለች። «እሺ፣ እትዬ» አልኩ። ፈርቼ እንዳይመስልሽ።

መጀመሪያ ያሰብኩት በቀል የልጅ ነበር። ወጡን በጨው ላበላሽባት፣ በርበሬ ልጨምርባት አልኩ። ኋላ ግን ያ እሷን ማስደሰት መሆኑ ገባኝ። ስህተት ስታገኝ ነው ፊቷ የሚፈካው። እሷን የሚጎዳት የምትቆጥረው ነገር ማጣት ነው።

አባዬ ከዓለም ገና ገበያ ቀይ አውራ ዶሮ ገዝቶ መጣ። ኪያ ወዲያው «ሙሽራው» ብላ ስም አወጣችለት። የገና ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባዬ እጅጌውን ሰብስቦ «ቢላውን አምጪ» አለኝ። «አይታረድም» አልኩት። አባዬን እምቢ ስል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። «ታዲያ ምን ልናበላቸው ነው?» አለኝ። «ድንች» አልኩት። «ቦንቱ፣ እህቴ ትገድለናለች» አለ፣ ቀልዱን አይደለም። ያንቺን ነጠላ ለብሼ ነበር፤ ያንኑ፣ ጫፉ ላይ ነቁጣ ያለበትን። አጥበሽ አጥበሽ እንደ ሻይ ጠብታ ገርጥቶ ቀርቷል። አባዬ ነጠላውን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የዶሮውን እግር ፈታ።

መጋረጃውን እንደተንጠለጠለ ተውኩት። ቡፌውን አልነካሁትም፤ የኪያ የጣት አሻራ ሳይቀር ለእሷ አቆየሁላት። ድንቹን በትልቁ ድስት ጣድኩና ቁጭ አልኩ። በገና ጠዋት ቁጭ ማለት፣ እማዬ! ኪያ ጭኔ ላይ ተኝታ የድስቱን ክዳን ድምፅ ትሰማ ነበር።

አጎቴ ዲሪባ እንደልማዱ ከደጅ «በጋ ነጋን ጌሳን!» ብሎ በኦሮምኛ እንኳን አደረሳችሁ እያለ ገብቶ ሁላችንንም አቀፈ። እትዬ የሺ ከኋላው ገባች። ጣቷ ቡፌው ላይ ሄደ። ጣቷን አየች፣ መጋረጃውን አየች፣ እኔን አየች፤ ከየት እንደምትጀምር ጠፋት። እኔም ትሪውን አመጣሁ። ልጣጩ ያልተነሳ ድንች፣ እንፋሎቱ የሚወጣ፣ መሃሉ ላይ ቅቤ፣ ዳር ዳሩን አይብና ሚጥሚጣ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። «ድንች ነው፣ እትዬ» አልኳት። «ድንች መሆኑንማ ዓይን አለኝ! አርባ ሦስት ቀን የጾምነው ለድንች ነው? በፍስክ ቀን ድንች!» አጎቴ ዲሪባ አንዱን አንስቶ «ቅቤ አለው እኮ የሺ፣ ፍስክ ነው» አላት። «አንተ ዝም በል፣ አንተ ድንጋይ ቢቀቀልልህም ትበላለህ» አለችውና ወደ እኔ ዞረች። «ዶሮው የታለ? መገዛቱን ነግረውኛል።»

አንገቴን ቀና አደረግሁ። «ዶሮው ግቢ ውስጥ ነው፣ እትዬ። አሥራ ሁለቱም ብልት አለው። ወጥተው ይቁጠሩት» አልኳት። ሙሽራው እንደተጠራ ሁሉ ከደጅ ጮኸ። አጎቴ ዲሪባን ድንቹ ትን አለው።

እሷ አልሳቀችም። «እናትሽ አሥራ አንድ፣ አንቺ ባዶ! ወይ ዘር!» አለች። ያን ጊዜ ስምንት ዓመት ያልወጣው ወጣ። «ፈረሰኛውን የበላሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር ግን ሁሉም ሰሙት። «ያን ጊዜ፣ ልጅ ሆኜ። እማዬ አሥራ ሁለቱንም አውጥታ ነበር። አፌን በዚህ ጠርጋ ዝም አለች» ብዬ የነጠላሽን ጫፍ ፊቷ ዘረጋሁት። «እርስዎ ስምንት ዓመት እሷን ሲሰድቡ የኖሩት በእኔ ጥፋት ነው።»

ቀስ ብላ፣ «ታዲያ ለምን አልተናገረችም?» አለች። አልመለስኩላትም። መልሱን ነግሬ አላሳርፋትም። ቡራዩ ሄዳ ታስብበት።

አባዬ ከወንበሩ ተነሳ። ወደ ውጭ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ሰሃኑን ይዞ ማጀት በር ላይ ያለው በርጩማሽ ላይ ተቀመጠ። አይበቃውም፤ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ። ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ድንቹን «ኡፍ፣ ኡፍ» እያለ ላጠ። ያን ቀን በመሳቁ ይቅር አላልኩትም። ግን ሁለተኛ ድንች ወስጄ ሰጠሁት።

እትዬ የሺ ነጠላዋን አጣፍታ «እሄዳለሁ» አለች። «በምን?» አላት አጎቴ ዲሪባ። በበዓል ቀን እንኳን የቡራዩ ሚኒባስ ባጃጅም የለም። ተመልሳ ተቀመጠች። ርቧት ነበር። ማንንም ሳታይ አንድ ድንች አነሳች። ከዚያ ሌላ። አምስት ድንች በላች፣ እማዬ። አንድ በአንድ ቆጠርኩባት። እጇን ስታራግፍ፣ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ ግን እንድትሰማ፣ «አምስት» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም።

የሚፈተግ ድስት ስላልነበረ ከሰዓት ሜዳ ወጣሁ። በገና ቀን ውጭ ፀሐይ እንደዚህ እንደሚሞቅ አላውቅም ነበር። ኪያ ከቁመቷ የሚበልጥ ዱላ ይዛ ትሮጣለች። አጎቴ ዲሪባ ጎረምሶቹ መሃል ገብቶ ኳሱን እመታለሁ ሲል ራሱ ተንከባለለ፤ ሰው እያየኝ ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ። ኪሴ ውስጥ ቆሎ ነበር፣ እየበላሁ ቆሜ አየሁ። በቃ ይኸው ነበር። ያላየሽው ይህን ነበር፣ እማዬ፤ ከዚህ ነው ያስቀረችሽ። በደስታዬ መሃል የተናደድኩት ለዚህ ነው።

አንቺ ብትኖሪ «ተዪያት ልጄ፣ አሮጊት ናት» ትዪኝ ነበር። እኔ ግን እንዳንቺ አይደለሁም። ስምንት ዓመት አሥራ አንድ ስትል ኖራለች። እኔም ስምንት ገና አምስቱን ድንች እነግርባታለሁ። ሲሞላ እናያለን።

መጋረጃውን ዛሬ ሰቀልኩት። ለማንም ብዬ አይደለም፣ ፀሐዩ ኪያን ዓይኗን ስለወጋት ነው። ሙሽራውም በሕይወት አለ። ነጠላሽን አጥቤ አስጥቼዋለሁ፤ ነቁጣውን ግን አላሸሁትም፣ አላስለቅቀውምም። በየገናው እለብሰዋለሁ። ከድስቱ የመጀመሪያውን ድንች ላንቺ እልጣለሁ፣ ከእጅ እጅ እያገላበጥኩ። ኪያ ስታድግም ስምሽን በትክክል ትጠራለች፤ አሥራ ሁለት እንዳወጣሽ እኔ አስተምራታለሁ።

የላይ ሰፈሮች አሸነፉ፣ እማዬ። ሜዳው ላይ ቆሜ ነው ያየሁት።

አፏን የጠረግሽላት ልጅሽ፣
ቦንቱ