ስንት ላይ ነሽ?

ለምትናፍቂኝ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር «ወይኔ» ነው? አባባ እንዴት ነው? ባለቤትሽ፣ መንትዮቹ፣ ያቺ ራዲዮዋ ጆሮ የሚያደነቁር ጎረቤትሽ ሳትቀር ሁሉም እንዴት ናቸው? እኛማ እዚህ «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን ካነሳሁ በኋላ ተውኩት። ለምን እንደተውኩት ስታነቢ ትደርሺበታለሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪኝ። በስልክ ታሸንፊኛለሽ። ባለፉት ሦስት ጥሪዎች አባባን አገናኚኝ ስልሽ፣ መጀመሪያ ተኝቷል አልሽኝ፣ ቀጥሎ ገላውን እየታጠበ ነው፣ በሦስተኛው ጎረቤት ሄዷል። አባባ ደግሞ በቀን መተኛትን ከስንፍና የሚቆጥር ሰው ነው። ምነው ብዬ ልጠይቅሽ ስል ሳቅሽን ለቀቅሽው፤ ወሬውን ወደ እኔ ሩጫ አዞርሽው፣ እኔም ሞኟ ተከትዬሽ ሄድኩ። ወረቀት ላይ ግን አትስቂብኝም። ስለዚህ ያንን ሩጫ ከሥሩ ልንገርሽና መጨረሻ ላይ አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ።

ውድድሩ የፊታችን እሑድ ነው። ሐይቅ ውስጥ ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዋና፣ ከዚያ ዘጠና ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ፤ ሁሉም በአንድ ቀን፣ በስምንት ሰዓት ተኩል ውስጥ። ሰዓቱ ካለፈ መንገድ ላይ ያስቆሙሻል፣ አለቀ። መጀመሪያ የነገርኩሽ ቀን ምን ጎደለሽ ብለሽ ስቀሽብኛል። ለእኔ ብዬ አይደለም፤ ለኦፕሬተሯ ነው። ሆስፒታል ስልክ የምታገናኘው ጓደኛዬ ዓይኗ አያይም፤ እኔ መሪዋ ነኝ። ስንዋኝ ጭናችን በገመድ ይታሰራል። ብስክሌቱ የሁለት ሰው ነው፤ እኔ ፊት ሆኜ መሪውን እይዛለሁ፣ እሷ ከኋላዬ ፔዳል ትመታለች። ስንሮጥ ደግሞ ከአሮጌ ሽርጤ ቆርጬ የሠራኋትን ማሰሪያ ጫፍና ጫፍ ይዘን ጎን ለጎን ነን። ልጆቼ «የገመዷ አክስት» ይሏታል።

ከሁለት ዓመት በፊት ከሌላ መሪ ጋር ገብታ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀራት ሰዓቱ አልቆባት በመኪና ጭነው መለሷት። እስከ ዛሬ ያንን ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል። ዕድሜዋም ወደ ሃምሳ ነው፤ ዘንድሮ ካልጨረስኩ ሁለተኛ አልሞክረውም ብላለች። እንግዲህ የእኔ እግር ከዳ ማለት የእሷ እግር ከዳ ማለት ነው።

ልምምዱን በየት ጊዜሽ ካልሽኝ፣ በሌለኝ ጊዜ ነው። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ዳቦ ቤት እገባለሁ፤ እስከ ሰባት ሰዓት ሊጥ ጠረጴዛው ጋ ቆሜ ስቆርጥና ሳድበለብል ነው። ስምንት ሰዓት ላይ የዋና ገንዳው ባዶ ስለሚሆን ፀጉሬ ላይ ዱቄት እንዳለ እንሄዳለን፤ ጠባቂው ውሃዬን ልታቦኪው ነው እያለ ያሾፍብኛል። አስር ሰዓት ልጆቹን ከትምህርት ቤት አመጣለሁ። ከእራት በኋላ ሰሃን የማጥበው በአንድ እግሬ ቆሜ ነው፤ ትንሿ ልጄ መቶ ትቆጥርልኛለች፣ እግር እቀይራለሁ። ቅዳሜ ብስክሌት፣ እሑድ ረጅም ሩጫ። እራት የሚሠራው ባለቤቴ ነው፤ ጨው ሲበዛበት ስፖርተኛ ጨው ይፈልጋል ይለኛል። ጋራዥ ውሎ የመጣ ሰው ምን ይባላል፣ ዝም ብለሽ መብላት ነው።

ታዲያ ከሁለት ወር በፊት ቀኝ ጉልበቴን ያመኝ ጀመር። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ከነገርኳት ትጨነቃለች አልኩ፤ እውነቱ ግን፣ ለአንቺ አልደብቅሽም፣ ቦታሽን ልቀቂ እንዳልባል ፈርቼ ነው። ዳቦ ቤት ሲያቆየኝ በሦስቱም ልምምድ የምትተካኝ አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ አለች፤ ቀጠን ያለች፣ ስትሮጥ መሬት የማትነካ የምትመስል። እሷን ባየሁ ቁጥር ጉልበቴ የባሰ ያመኝ ነበር። ስለዚህ ዝም ብዬ ቀስ ማለት ጀመርኩ።

ኦፕሬተሯ የሚናገር ሰዓት አላት፤ በየኪሎ ሜትሩ ስንት ደቂቃ እንደፈጀን ጮክ ብሎ ይናገራል። አንዱን ኪሎ ሜትር በሰባት ደቂቃ ተኩል መሮጥ አለብን። ሰዓቱ መጀመሪያ ስምንት ደቂቃ አለ፣ በሳምንቱ ስምንት ከሩብ፣ ቀጥሎ ስምንት ተኩል። በተናገረ ቁጥር ዛሬ ሙቀቱ ነው እላለሁ፣ እሷም አዎ ሙቀቱ ነው ትለኛለች፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ፊታችንን እየገረፈን! ባለቤቴ ይህንን ሰምቶ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ፣ የናንተው ግን ቁጭ ብሎ ቀረ አለኝ። ሳቅኩ፤ ግን አልቅሺ አልቅሺ ብሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት እሑድ፣ በዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሰዓቱ ስምንት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ አለ። ኦፕሬተሯ ቆመች። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለችኝ። ከሁለት ወር ጀምሮ ቀኝ እግሬ ሲጎተት ትሰማ ኖሯል። ሊጥ ጋ ቆማ ውላ ደክሟት ነው፣ ብናገራት ታፍራለች ብላ፣ እኔን ለማሳረፍ ስትል እሷ ቀነሰች። እኔ ደግሞ ስትቀንስ አይቼ፣ የሆስፒታሉ ፈረቃ አድክሟታል ብዬ የባሰ ቀነስኩላት። እሷ ለእኔ፣ እኔ ለእሷ፣ እንዲህ እያልን ሁለት ወር! ይሉኝታ እኮ ነው፣ እትዬ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ስንተዛዘን ሰዓቱን በላነው።

መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከዛሬ ጀምሮ ደህና ነኝ የሚባል ነገር የለም አለችኝ። ሆስፒታል ነርሶቹ ሕመምን የሚጠይቁት በቁጥር ነው፤ ከአንድ እስከ አስር ስንት ላይ ነሽ ይላሉ። ሰዓቱ በተናገረ ቁጥር እኛም ሳናስብ ቁጥራችንን እንድንናገር ተስማማን። ተነስተን ሮጥን፤ ሰዓቱ ተናገረ። እሷ ሦስት አለች። እኔ ስምንት አልኩ። ሦስት! ጉልበቱ ኖሯት፣ በእኔ ምክንያት ታስራ ነው የከረመችው።

ቤቷ በር ላይ ስንደርስ የነገረችኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ። ካንቺ ጋር ብጨርስ ደስታዬ ነው፣ መጨረሱ ግን ይበልጥብኛል አለችኝ። እትዬ፣ ክው ነው ያልኩት። ስምንት ወር አብሬያት ታስሬ፣ ልጆቼን ጥዬ! ሁለት ቀን ስልኳን አላነሳሁም። ባለቤቴ ሞተር እንደሚፈታ ሁሉ በእርጋታ፣ እውነቱን እንድትነግርሽ ተስማማሽ፣ ነገረችሽ፣ ታዲያ ምን ሆንሽ አለኝ። ልመታው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሊጥ እየቆረጥኩ ሳስበው፣ በሕይወቴ ሳይለሳልስ፣ ሳያባብለኝ፣ ያሰበውን እንደዚያ የነገረኝ ሰው የለም። ደወልኩላት። ጉልበቴን ላሳይ፣ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ደግሞ እስከዚያው ካንቺ ጋር ትሩጥ አልኳት። የመሪ ስም መለወጥ የሚቻለው እስከ ነገ ዓርብ ድረስ ነው።

ዛሬ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ቀረብኩ። ጉልበቴን ጫን ጫን አድርጎ አየውና፣ መሮጥ ትችያለሽ፣ ግን በፈለግሽው ፍጥነት አይደለም፤ አስረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያብጣል አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉት እውነት ነው፤ ከሁለት ወር በፊት ብትመጪ ኖሮ ሲለኝ ጆሮዬን ዘጋሁ። ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። ለልጅቷ ማሰሪያዋን ሰጠኋት፤ ነገ በእኔ ቦታ የሷ ስም ይገባል። ስትታጠፊ ገመዱን አትጎትቺ፣ በቃል ንገሪያት፤ በርቺ አትበያት፣ ያናድዳታል፤ አንገቷን ወደ ትከሻዋ ካዘነበለች ቁጥሯ ከሰባት በላይ ነው፣ አትመኛት ብዬ አስጠናኋት። ልጅቷ አለቀሰች። እኔ እዚያ አላለቀስኩም፤ አሁን ከዱቄት ማዳበሪያው አጠገብ ሳጥን ገልብጬ ተቀምጬ ይኼው ወረቀቱን እያበላሸሁት ነው። እሑድ ዕለት አስራ ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ያኔ ያስቆሟት ቦታ፣ ውሃ ይዤ እቆማለሁ። ስታልፍ ቁጥሯን እጠይቃታለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ልጠይቅሽ ያልኩት ነገር ይኼው ነው፣ እትዬ፤ ስንት ላይ ነሽ? አባባን አንቺ ብቻሽን ይዘሽ፣ በየሳምንቱ ደህና ነን፣ አንቺ ሩጫሽን ሩጪ ትዪኛለሽ። ለእኔ ብለሽ ስትቀንሺ እሰማ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ? ደህና ነን ስትዪኝ ይመቸኝ ነበር። ብጠይቅ መምጣት ሊኖርብኝ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ያንቺ ይሉኝታ ነው፣ የኔው ግን ይሉኝታ እንኳ አልነበረም። ይቅር በይኝ። ከውድድሩ በኋላ አርፍበታለሁ ብዬ ያስፈቀድኩት አስር ቀን ከሰኞ ይጀምራል፤ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አውጥቼ አቧራውን ጠርጌዋለሁ። የኔ ቁጥር ዛሬ ሰባት ነው። ያንቺን ቁጥር ብቻ ላኪልኝ፣ ሌላ ምንም አትጻፊ። «ደህና ነን» የሚል ከመጣ ግን ቁጥሩ አስር ነው ብዬ እነሳለሁ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ያን ወገብሽን በምሽት እንዲያሽልሽ፣ እምቢ ካለ እኔ መጥቼ እንደማናግረው ንገሪው። መንትዮቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ለእነሱ በአንድ እግር የመቆም ውድድር አዘጋጅቻለሁ፣ ይለማመዱ። ለጎረቤትሽ ራዲዮዋን ትንሽ ዝቅ፣ ሰላምታዬን ደግሞ ትንሽ ከፍ አድርገሽ አድርሺልኝ። ባለቤቴና ልጆቼ ሁላችሁንም ሰላም ይላሉ።

አባባን ከሁሉም በላይ ጉልበቱን ሳሚልኝ፣ ጠጋ ብለሽም ቁጥሩን ጠይቂልኝ። እሱ መዋሸቱ አይቀርም፤ አንድ ይልሻል። ያኔ አንገቱን እይው።

እህትሽ

ከዳቦ ቤቱ ዱቄት መጋዘን
ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን