አልፈርምም

ይድረስ ለአባዬ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ደረጃውን እንደ ልብ መውጣት ጀመረ? የእማዬ ሳልስ ለቀቃት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እጄን የዘይት ሽታ አልለቅ ብሎታል እንጂ ሌላ የሚነገር ሕመም የለብኝም።

ስሄድ ጀርባህን ሰጥተኸኝ የሰው ሰዓት ትፈታ ነበር። ሰባት ዓመት የጠበቅኩትን የአውሮፕላን ጥገና ሥራ አግኝቼ ስወጣ፣ ከአባቴ የተሰጠኝ ስንቅ «ከዚያ ቤት በጎ ነገር አይወጣም» የምትል ብቻ ናት። አንተ ሃያ ዓመት ከሠራህበት ቤት! ወር ሙሉ ያልጻፍኩልህ ተቀይሜህ ነው። ቅያሜዬ ደግሞ የአሁን ብቻ አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት ለፈተና የጠራኝን ደብዳቤ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ከመሣሪያ ሣጥንህ ሥር አግኝቼዋለሁ። አንተም ዝም፣ እኔም ዝም ብለን ኖርን። በዚያ ጦስ አራት ዓመት ጄኔሬተር ስጠግን፣ የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ እኔን ሴቷን አልፎ «መካኒኩ የት ሄደ?» ሲል ባጀ። ይኸው አሁን ማንም አልፎኝ አይሄድም።

ባለፈው ሐሙስ የሆነውን ከሌላ ሰው ሳትሰማው እኔው ልንገርህ። ጠዋት የአንድ አውሮፕላን ሞተር ፈትሸን ጨረስንና፣ ከመልቀቃችን በፊት መሣሪያ ቆጠራ ጀመርን። መቼም ታውቀዋለህ፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ በቅርጹ ልክ የተቆረጠ ማደሪያ አለው። የትንሿ መስታወት ማደሪያ ባዶ ሆኖ አገኘሁት፤ ያቺ እጀታዋ ረጅም የሆነች፣ ዓይን የማይደርስበትን ጥግ የምናይባት። ሞተሩን መልሰን ከፈትን፣ ወለሉን በእጃችን ዳበስን፤ የለችም።

ሣጥኑን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ «መሣሪያው ተሟልቷል» ብሎ መፈረም የእኔ ድርሻ ነበር። መንገደኞቹ ተሰልፈዋል። የፈረቃ አለቃችን መዝገቡን ዘርግቶ፣ «ፈርሚ፣ የትም ወድቃ ትገኛለች» አለኝ። አልፈርምም አልኩት። «ገና የሙከራ ጊዜሽን እንኳ አልጨረስሽም፤ ነግሬሻለሁ» አለ። አባዬ፣ ሰባት ዓመቴ በአንድ ብዕር ጫፍ ላይ ነበር። ግን ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልፈርምም አልኩና፣ ሣጥኑ ላይ ቁጭ!

ከሁለት ሰዓት ፍለጋ በኋላ ተገኘች። የት ብትለኝ ጥሩ ነው፤ መታጠቢያ ቤት! አንዱ ባልደረባችን መንጋጋው ሲጠዘጥዘው ጊዜ የተበላ ጥርሱን ሊያይባት ወስዷት፣ እዚያው ረስቷት ኖሯል። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም በማላውቀው ሙያ «የጥርስ ሐኪሟ» የሚል ስም ወጣልኝ። አለቃው ግን አልሳቀም። አውሮፕላን በከንቱ አስዘገየች ብሎ ከሰሰኝና ሰኞ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ይቅርታ ከጠየቅኩ እንደሚያልፉኝ፣ እምቢ ካልኩ እንደሚያሰናብቱኝ ነግረውኛል። አልጠይቅም። ካባረሩኝም ያባርሩኝ፤ የሚበላሽ ጄኔሬተር አይጠፋም።

የዚያን ዕለት ሣጥኑን ሳስረክብ፣ የመሣሪያ ክፍሉ ሽማግሌ ደረቴ ላይ ያለውን መታወቂያ ትክ ብለው አነበቡት። አንዴ አንብበው አልበቃቸውም፣ ደገሙት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እንዲህ ባለ ቀን የፈረመ አንድ ሰው አውቅ ነበር» አሉኝ። እጁ ወርቅ ነበር አሉ። አለቆቹ ቢያጣድፉት ጊዜ ፈረመ፤ አውሮፕላኑ ተነስቶ ብዙ ሳይርቅ በአንድ ሞተር ተመለሰ። ማንም አልሞተም። ሰውየው ግን በማግሥቱ ዕቃውን አስረክቦ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ በዚህ በር አላለፈም አሉኝ። ስሙን አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም።

አንተ ከሥራ የወጣኸው ዓይንህ ደክሞ እንደሆነ የነገርከን በልጅነቴ ነው። ያለ መነጽር የሴት እጅ ሰዓት ስትፈታ እያየሁህም አምኜህ ኖርኩ። አሁንም ምንም አልጠይቅህም፤ ለእማዬም አላነሳም። ቅያሜዬም ሐሙስ ማታ ወጥቶልኛል። ብቻ አባዬ፣ ደብዳቤ ከምትደብቅ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ብታወራኝ ይሻል ነበር። ያኔም ቢሆን እመጣ ነበር፤ አውቄ እመጣ ነበር።

ለኮሚቴው የምሰጠውን መልስ ዛሬ ጨርሻለሁ። ሦስት መስመር ናት፤ ይቅርታ የሚል ቃል የለባትም። ቅጹ ላይ ለስም የተተወው ቦታ ጠባብ ስለሆነ፣ እዚህ ሰው ሁሉ የአባቱን ስም በአንድ ፊደልና በነጥብ ያሳጥረዋል። እኔ ግን ያንተን አንድ ፊደል ሳላጎድል፣ መስመሩን አልፌ፣ በጉልህ ጻፍኩት።

ዕድሜህን ያርዝመው፣ ጤናህን ያብዛልህ። እማዬን ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ።

የምትወድህ፣ እንዳንተው ግትር የሆነች
ልጅህ