ኡሙሰልማ ያላለችው

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለዊዳድ፣ አሶሳ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? የአሶሳ ሙቀት ለመደሽ ወይስ አንቺው ለመድሽው? ወባውስ ተወሽ? አጎበር ሳትዘረጊ እንዳትተኚ። ቢምቢ ስትመጣብሽ "መጥሪያ ሳይደርሰኝ ልትነክሺኝ አትችይም" ብለሽ እንደምትከራከሪ አውቃለሁ፤ እሷ ግን ሕግ አልተማረችም። ሥራሽስ? ቤት የተከራየሽባቸው ሰዎች ደጎች ናቸው? እንጀራው ይስማማሻል? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ እናትሽ ጠይቅልኝ ስላለችኝ ብቻ አይደለም፤ እኔም ናፍቀሽኛል።

እኛ አልሃምዱሊላህ ደኅና ነን። እናትሽን ጉልበቷን አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል፣ ገበያም ወጥታ ትገባለች። የደሴ ብርድ እንደምታውቂው ነው። ሰኔ ከገባ የጦሳ ተራራ ጉሙን ደርቦ ተቀምጧል፤ ፀሐይን በጨረፍታ ነው የምናያት። እኔም ፒያሳ ከስፌት መኪናዬ ኋላ እንደተቀመጥኩ አለሁ። መነጽሬን ቀይሬያለሁ። በአዲሱ መነጽር ሰው ሁሉ አስቀያሚ ሆኖ ስለታየኝ ለመስፋት ካልሆነ አላደርገውም።

በስልክ መንገር ስችል ደብዳቤ መጻፌ ገርሞሽ ይሆናል። ከዓረፋ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውዬልሻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ልነግርሽ ያሰብኩት ነገር ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀልድ ጀምሬ አንቺን አስቄ ዘጋሁት። ነገር ሲከብደኝ በቀልድ በኩል ሾልኬ እወጣለሁ። ወረቀት ግን አይስቅልኝም፤ ስለዚህ የጀመርኩትን መጨረስ አለብኝ።

ስለ ኡሙሰልማ ነው። "ፋይሏ ከምን ደረሰ?" እያልሽ ስትጠይቂኝ "በሽምግልና አልቋል አላልኩሽም?" እያልኩ አልፌሻለሁ። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አንቺ የምታውቂውን የምደግመው ረስተሽዋል ብዬ አይደለም፤ ምን እንዳፈረስኩ ለራሴም ቁልጭ ብሎ እንዲታየኝ ብዬ ነው።

ይህች ኮምቦልቻ በየሰው ቤት ልብስ እያጠበች የምትኖር ሴት ባሏ ሲሞትባት አብረው ከሠሯት ሁለት ክፍል ቤት ሌላ የቀራት ነገር አልነበረም። የቦታው ወረቀት ግን በሟቹ ታላቅ ወንድም በካሊድ ስም ነበር። ካሊድ አርባው እንኳ ሳይሞላ "ውጪልኝ" አላት። ማንበብ አትችልም፤ ጠበቃ የምታቆምበትም የላትም። ያኔ ነው አንቺና ጓደኞችሽ የደረሳችሁላት። የመጨረሻ ዓመት የሕግ ተማሪዎች ተመርጠው፣ መተዳደሪያ እየተቆረጠላቸው ዓመቱን ሙሉ ለድሃ በነጻ ያማክራሉ፣ ክስም ይጽፋሉ ሲባል "በነጻ ምክር የሚሰጥ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ተቀናቃኝ መጣብኝ" ብዬ አስቄሽ ነበር። አንቺ ግን ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጠሽ ክሱን ጻፍሽላት። በየጎረቤቱ ዞረሽ ግንቡን የገነባውን ግንበኛ ለምስክርነት አገኘሽ። ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ቤቱ እንዳይሸጥ እግድ አወጣሽላት። ኡሙሰልማ ያን የእግድ ወረቀት ማንበብ ባትችልም በፌስታል ጠቅልላ ትራሷ ሥር ታኖረው ነበር።

ዓመትሽ ሰኔ ላይ አለቀ፤ አንቺም ሄድሽ። የሚተኩት ተማሪዎች የመጡት ኅዳር ላይ ነው። በመካከሉ ቢሮው ተቆልፎ ከረመ። ኡሙሰልማ ሰኞ ሰኞ እየሄደች የተንጠለጠለውን ቁልፍ አይታ ትመለስ ነበር አሉ። ካሊድም ያን ቁልፍ አይቷል።

ጥቅምት ላይ ሱቄ መጣ። "በሺር፣ የወንድሜ ሚስት ናት። ከእሷ ጋር በፍርድ ቤት ደጅ መተያየት አሳፈረኝ። ሸህ ዘካሪያና አቶ አግማስ ሽማግሌ ሊሆኑ እሺ ብለውኛል፤ ግን አንተ ካልተጨመርክ አይሆንም። ሰው የሚያስቅ ከሌለ ሽምግልና ለቅሶ ይመስላል" አለኝ። መመስገን እንደምወድ ታውቂያለሽ። ይባስ ብሎ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ ስጽፈው እጄ ያፍራል። ዊዳድ ዓመት ሙሉ የደከመችበትን እኔ ባራተኛ ክፍል ትምህርቴ በአንድ ጁሙዓ ብጨርሰው፣ ዕድሜ ልኬን የማበሽቅሽ ነገር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሦስታችንም ከካሊድ ጋር ሄድን። እንደ ወጉ ደጇ ላይ ቆምን። ግቡ ስትለን "እሺ ሳትይን አንገባም፤ ውሃም አንቀምስም" አልናት። ሸህ ዘካሪያ የሟቹን ስም ጠርተው ሲናገሩ ኡሙሰልማ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። "ሸሆቼ፣ ይቅር ብልስ ልጄን የት ልውሰዳት?" አለች። ካሊድም እጁን ዘርግቶ "አንቺ በሕይወት እስካለሽ፣ ልጅሽም ተምራ እስክትጨርስ ማንም ከዚህ ቤት አያስወጣሽም። ክሱን ብቻ አንሺልኝ" አለ። ሸሁ ዱዓ አደረጉ፤ አሚን አልን። ኡሙሰልማ ዓይኗን ጠርጋ "እንግዲያው ለአላህ ብዬ አውፍ ብያለሁ" አለች። ያለችው ይህን ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልወጣትም።

"ጻፈው" ተባልኩ። አቶ አግማስ "ካሊድ የገባላት ቃልም ይጻፍ እንጂ" አለ። በዱዓ የታሰረን ቃል በወረቀት መድገም በእኛ ዘንድ "አላመንንህም" ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ ግን በዚያ አላበቃሁም፤ "አንተ አግማስ፣ ለሚስትህም ደረሰኝ ሳትቆርጥላት አትቀርም" አልኩት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሱም አብሮ ሳቀና ነገሩን ተወው። ኡሙሰልማ እንኳ ፈገግ ብላ ነበር።

ያን ሽፋን የሌለውን የፍትሐ ብሔር ሕግ መጽሐፌን ታስታውሺዋለሽ፤ የሱቅ ዕቃ ሊጠቀለልበት ሲል ያዳንኩትን። ከእሱ የለቀምኳቸው ቃላት ነበሩኝ፤ የማወጣበት ቦታ አጥቼ የኖርኩ። ያን ቀን አወጣኋቸው። "እኔ ኡሙሰልማ በቤቱ ላይ ያለኝንም ሆነ ወደፊት ሊኖረኝ የሚችለውን ማናቸውንም መብት ሙሉ በሙሉ ትቻለሁ፤ እግዱ ተነሥቶ ፋይሉ እንዲዘጋልኝ እጠይቃለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ስጽፈው እንዴት እንዳማረልኝ! የእስክሪብቶ ቀለም አውራ ጣቷ ላይ ስቀባላት "ምን ይላል ጋሽ በሺር?" አለችኝ። "ያልሽውን ነው፤ ትንሽ አሳመርኩት እንጂ" አልኳት። አላነበብኩላትም። የአሱር ሶላት ደርሶ ነበር፤ ምሳም ቀርቦ ነበር፤ ሁሉም አመስግነውኝ ነበር። ጣቷን አሳረፈች።

በሳምንቱ ፍርድ ቤት ይዣት ሄድኩ። "ዳኛዋ ስትጠይቅሽ አዎ በይ፤ ነገር አታብዢ" ብዬ አስጠንቅቄያት ነበር። ዳኛዋ ሁለት ጊዜ ጠየቀቻት፤ ሁለት ጊዜ አዎ አለች። ፋይሉ ተዘጋ። የዚያኑ ዕለት ደወልኩልሽ። "አንቺ ዓመት የፈጀብሽን አጎትሽ በአንድ ጁሙዓ ጨረሰው" ብዬ ስፎክር አልሳቅሽም። "ወረቀቱን አንብበውላታል?" አልሽኝ። "እንዴታ!" አልኩሽ። ዊዳድ፣ ዋሽቼሻለሁ።

ካሊድ ጥር ላይ ቤቱን ለአንድ የከባድ መኪና ባለቤት ሸጠው። ሸህ ዘካሪያ ሄደው "ዱዓችንስ?" ቢሉት "ሸሄ፣ ወረቀቱን አስነብቡ" አላቸው። ከዚያ ወዲህ ሸሁን ለሽምግልና የሚጠራቸው ቢመጣ አመመኝ ብለው ይመልሱታል። ኡሙሰልማ ልጇንና ዕቃዋን ይዛ ወጣች። ገዢው አንደኛውን ክፍል አፍርሶ ለመኪናው ማቆሚያ አደረገው።

አንቺን የተካው ተማሪ የሱፍ ይባላል፤ የቦሩ ሜዳ ልጅ ነው። ድምፁ ስለማይሰማ ሲያናግርሽ ወደ እሱ ጎንበስ ትያለሽ፤ ሥራው ግን ካንቺ አያንስም፤ ይህን ስል ቅናት እንዲይዝሽ ብዬ ነው። የተዘጋው ፋይል እንዲከፈት አመለከተላት፤ እኔንም በምስክርነት ጠራኝ። ሚያዝያ ላይ ቁርኣን ይዤ ማልኩ። ካሊድ ቃል ገብቷል ወይ? ገብቷል አልኩ። ወረቀቱ ላይ አለ ወይ? የለም። ወረቀቱን ማን ጻፈው? እኔ። ከዚያ ዳኛዋ ቀና ብላ "ከመፈረሟ በፊት ቃል በቃል አንብበውላታል?" አለችኝ።

ከኋላዬ የማውቀው ሰው ሁሉ ተቀምጧል። "ጠበቃው" እያሉ የሚጠሩኝ፣ እኔም እየተቆጣሁ በሆዴ ደስ የሚለኝ ሰዎች ናቸው። አላነበብኩም ብል፣ ፊደል ለማታውቅ ሴት ያልተነበበ ወረቀት ያስፈረመ ሽማግሌ መሆኔ ነው። "አዎ፣ አንብቤላታለሁ" አልኩ። ኡሙሰልማ ቀና ብላ አየችኝ። የሱፍ ተማሪ ስለሆነ ቆሞ መከራከር አይፈቀድለትም፤ የእሷን እጅ ይዞ ተቀመጠ። ጥያቄዋ ውድቅ ተደረገ።

ከዚያ በኋላ ከአርባ ቀን በላይ ዝም አልኩ። ዓረፋ መጣ። በዓረፋ ሰው እየተቃቀፈ አውፍ በሉኝ ሲባባል እኔም እንደ ሰዉ "አውፍ፣ አውፍ" ስል ዋልኩ፤ ለማይመለከታቸው ሁሉ ስል ዋልኩ። በበዓሉ ሳምንት ኮምቦልቻ ወርጄ ለየሱፍ ነገርኩት። አልጮኸብኝም። "ጋሼ፣ ለይግባኙ የቀረን አሥራ አንድ ቀን ነው። ይህን ቃልዎን ላስገባው እችላለሁ፤ ይቀበሉት አይቀበሉት አላውቅም። እርስዎ ግን በሐሰት በመመስከር ሊከሰሱ ይችላሉ" አለኝ። "እስር ቤትም ሱሪ የሚያሳጥር አይጠፋም" አልኩት። አልሳቀም። ጻፈው፤ ፈረምኩ። ይግባኙ ገብቷል፤ ቀጠሮው ለሐምሌ ነው። የሱፍም ዓመቱ ዘንድሮ በዚህ ወር ያልቃል። ከእሱ በኋላ ማን እንደሚረከበው፣ ያ በር መቼ እንደሚከፈት የሚነግረን አላገኘንም። ብንረታ እንኳ ቤቱ ግማሹ ፈርሷል።

ይህን የምጽፍልሽ እንድታጽናኚኝ አይደለም። የሱፍ ይደውልልሻል፤ ያኔ በስልክ ምን ጠየቅሽኝ፣ ምንስ መለስኩልሽ የሚለውን ይጠይቅሻል። አጎቴ ነው ብለሽ እንዳታለሳልሺው። በልጅነትሽ ወንድምሽን ዳቦዬን በላ ብለሽ ስትከሺው እኔ እሱን ደግፌ ብመሰክር "ይህ ምስክር ቀልደኛ ነው፤ ይሻርልኝ" ያልሽ ልጅ ነሽ። አሁንም እንደዚያው አድርጊ።

ባለፈው እሑድ ኡሙሰልማ ዘንድ ሄድኩ። ከተከራየችው ክፍል ደጅ የሰው ልብስ ታጥባለች። ቆምኩ። እጇን አለቅልቃ በርጩማ አመጣችልኝ፤ ውሃም ሰጠችኝ። አልጠጣሁም። "አላነበብኩልሽም፤ ዋሽቼብሻለሁ፤ አውፍ በይኝ" አልኳት። ከመዘፍዘፊያው የሰው ሸሚዝ አንሥታ ጨመቀች። "ጋሽ በሺር፣" አለች፣ "አንድ ቀን አውፍ ብዬ ቤቴ ሄደ። አሁን ደግሞ ምን ቀርቷት ነው ብለው መጡ?" ተመልሳ ወደ ማጠቢያዋ ጎንበስ አለች። ውሃውን በርጩማው ላይ አስቀምጬ መንገድ ጀመርኩ። ከዚያ ደሴ እስክገባ ሚኒባሱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያመመኝ መስሎት መስኮት ከፈተልኝ።

እናትሽ ፋኢዛ በጣም በጣም ሰላም ብላሻለች። የጻፍኩትን አታውቅም፤ እኔው እነግራታለሁ። ወንድምሽ ሀፊዝ ሰላም ብሎሻል፤ ጢም አበቀልኩ ብሎ ይኮራል፣ በአዲሱ መነጽሬ ፈልጌ ሦስት ፀጉር አግኝቼለታለሁ። አቶ አግማስ ከነቤተሰቡ ሰላም ብሎሻል፤ እኔ ስቀልድ ግን እንደ ድሮው አይስቅም። ሸህ ዘካሪያ ዱዓ አድርገውልሻል። የሱፍ ባያይሽም ያንቺን ፋይል አገላብጦ ስላነበበ እንደሚያውቅሽ ቆጥሮ ሰላም ይበሉልኝ ብሏል። ኡሙሰልማም ሰላም ብላሻለች ብዬ ልጽፍ እጄ ሄዶ ነበር፤ ግን አላለችም።

አላህ ይጠብቅሽ፤ በሰላም ያገናኘን።

አጎትሽ በሺር
ደሴ፣ ፒያሳ
ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.