በሩ ይታይ፣ ደፉ አይታይ

ውድ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽን አሁንም ያምሻል ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልሽ ቅባት ትንሽ አሻለሽ? የፋብሪካው ወጥ ቤት ሙቀትና የውጪው ብርድ ተደምረው እንዳይጥሉሽ እሰጋለሁ፤ በላብሽ አትውጪ። እኔ አላህ ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው። ላሟን ለጎረቤት ሰጥቼ፣ ቤቱን ቆልፌ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ምክንያቱን እያነበብሽ ትደርሺበታለሽ።

በስልክ ብነግርሽ ይቀል ነበር። ግን እኔና አንቺ በስልክ ስናወራ ወሬውን የምትጀምሪውም የምትጨርሺውም አንቺ ነሽ፤ እኔ መሐል ላይ «እሺ» እላለሁ። ዛሬ እሺ ማለት አልፈለግሁም።

ባለፈው ስትደውዪ «ሥራህ እንዴት ነው? አሁንም ያንን ቧንቧ ትገጣጥማለህ?» ብለሽኝ ነበር። ሩሲያ ከሄድሽ ጀምሮ ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ ስለማታውቂ ገረመኝ፣ ደስም አለኝ። ያን ቀን በጥድፊያ ነበር የመለስኩልሽ። ዛሬ በደንብ ልመልስልሽ።

ቧንቧው አዳፕተር ይባላል። የእኔ ቪዲዮ ካሜራ ለብቻዋ የምትቀርጸው ሁሉ ጠፍጣፋ ነው፤ ሙሽራዋም ከኋላዋ የተሰቀለው ምንጣፍም እኩል ፈጠው ይወጣሉ። አዳፕተሩ ካሜራዋ ፊት ላይ ይገጠማል፣ እሱ ላይ ደግሞ የፎቶ ካሜራ ሌንስ። ሌንሱ ቧንቧው ውስጥ ባለች ጉም የለበሰች የምትመስል መስተዋት ላይ ምስሉን ይጥላል፣ ካሜራዬ ያችን መስተዋት ትቀርጻለች። ያኔ ሰርጉ ሲኒማ ይመስላል። አንድ ችግር አለው፤ ስቀርጽ ሁሉም ነገር የሚታየኝ ተገልብጦ ነው። ሽማግሌውም ፈረሱም እግራቸው ወደ ሰማይ። ለምጄዋለሁ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር እማማ ዙራካን አስጠሩኝ። የፈረስ ነጋዴው የሜደርቤክ እናት፣ ከወንዙ ማዶ ባለ ሰማያዊ ጣሪያው ቤት። ልጃቸው ሊያገባ መሆኑን ነገሩኝ። ሻይና በዘይት የተጠበሰ ቦርሶክ ቀረበ፣ ቅቤና የእንጆሪ ማርማላታ ቀረበ። ቀኑ መቼ ነው ስላቸው «ሲደርስ እንጠራሃለን» አሉ። ሙሽሪትስ የማን ልጅ ናት ስላቸው «የሰው ልጅ ናት፣ ከሰማይ አትወርድ» ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሰው ቤት ቦርሶክ እየበሉ ብዙ መጠየቅ ደስ አይልም።

እኔ እንግዲህ ስለ ሜዳው ማውራት ጀመርኩ። ፈረሶቹን በዚህ በኩል፣ ድንኳኖቹን በዚያ በኩል አድርጌ፣ ተራራውን ከኋላ አስገብቼ እቀርጻለሁ አልኳቸው። እማማ ዙራካን እጃቸውን አወናጨፉ። «እሱን ማንም ጎረምሳ በስልኩ ይቀርጸዋል። አንተ የምትቀርጸው ክፍሏን ነው።»

ክፍሏን አሳዩኝ። ከጓዳ ብዙ አትሰፋም። በአንዱ ጥግ የሙሽራ መጋረጃ ተሰቅሏል፣ ፊት ለፊቱ በሩ፣ በጎን ግድግዳ ላይ ትልቅ መስተዋት። «መጋረጃው ውስጥ የምትቀመጠው ልጅ፣ መሐረብ የሚያስሩላት ሴቶችና በሩ አንድ ላይ ይታዩ። በሩም ወለል ብሎ ይከፈት። መከፈቱን የሚያይ ሰው ይየው» አሉኝ። «ደፉ ግን አይታይ።»

ለምን ደፉ አይታይም ብዬ ጠየቅኋቸው። «ወለሉ ያረጀ ነው፣ ያሳፍረኛል» አሉ። አመንኳቸው። እውነቴን ነው፣ እኔ በዚያን ሰዓት የማስበው ስለ ሌንስ ብቻ ነበር።

ዋና ከተማው ቢሽኬክ ወርጄ የአሮጌ ዕቃ ገበያውን አሰስኩ። ገናዲ የሚባል ሩሲያዊ አለ፤ ሌንሶቹን ከሻይ ማንኪያና ከበር እጀታ ጋር ደባልቆ ብርድ ልብስ ላይ ዘርግቶ ይሸጣል። የድሮ የሩሲያ ሃያ ሚሊሜትር አወጣልኝ፣ ፊቱ የድስት ክዳን የሚያህል። «ይህቺ ተራራውን፣ አንተን፣ አማትህንም ታስገባለች» አለኝ። አማት የለኝም አልኩት። «እንግዲያው ቦታ ተረፈህ» አለኝ። ሃያውን ገዛሁ፤ ካልሆነ ብዬ አንድ የጃፓን ሃያ ስምንትም ያዝኩ።

ሁለቱንም ይዤ እማማ ዙራካን ቤት ሙከራ ሄድኩ። ሃያ ስምንቱ ብርሃን በደንብ ያስገባል፣ ምስሉ ጥርት ይላል፣ ግን ጠባብ ነው። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ እንኳ በሩ አይገባልኝም። ሃያው ሁሉንም ያስገባል፣ ግን ብርሃን ይነፍጋል። ክፍል ውስጥ ሲሆን የአዳፕተሩ መስተዋት ሸካራነት እንደ አሸዋ ምስሉ ላይ ይታያል፣ አራቱም ጥጎች ይጨልማሉ። የቀረጽኩትን ቴሌቪዥኑ ላይ አሳየኋቸው። እማማ ዙራካን መነጽራቸውን አድርገው ቀርበው አዩ። «በሩ ጨለመ» አሉ። «እንዲህ ከሆነ የተዘጋ ይመስላል። አልሆነም።»

እንግዲህ በመሐል ያለ ሃያ አራት ያስፈልገኛል፣ ብርሃን የሚያስገባው ደግሞ ውድ ነው አልኳቸው። ሜደርቤክ ውጪ ፈረስ እያሻሸ ነበር፤ ሌንስ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። «አጎቴ፣ ጥሩውን ግዛ» አለኝ። አጎቴ ሲለኝ ለትሕትና መሰለኝ።

ሃያ አራቱን ይዤ ስመለስ ሁሉም ነገር ተሳካ። እንደዚያ የወደድኩት ሌንስ የለም፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ደፉን ለማስቀረት ካሜራውን ትንሽ ወደ ላይ ቀና ማድረግ ነበረብኝ፤ ሰፊ ሌንስ ቀና ሲል ደግሞ ግድግዳው ሁሉ ዘመም ይላል፣ ቤቱ ሰው ላይ ሊወድቅ የመጣ ይመስላል። ይህን ነገርኳቸው። «ዘመም ይበል» አሉ።

የሙሽራዋ ቦታ ላይ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። የትልቁ ልጃቸው ሚስት ከላም በረት ተጠርታ መጣች። መጋረጃው ውስጥ የት እንደምትቀመጥ ማንም አልነገራትም፤ ገብታ ጥጉ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። ቀና በይልኝ ብላት እምቢ አለች። «እዚህ የሚቀመጥ ሰው ቀና አይልም» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

«እርስዎስ የት ይሆናሉ?» ብዬ እማማ ዙራካንን ጠየቅኋቸው። «እኔ አሮጊቷማ በሩ ጋ እጋደማለሁ፣ እግሬን ያመኛል» አሉ። እህቴ፣ ይህን ለአንቺ ማብራራት የለብኝም። ደፍ ላይ የተጋደመች አሮጊት ተራምዳ የምትወጣ ልጅ ዕድሜ ልኳን እርግማን እንደሚከተላት በአገራችን የማያውቅ የለም። በሩ ወለል ብሎ ይታያል፣ አሮጊቷ አትታይም። ፊልሙን ያየ ዳኛም ይሁን ፖሊስ፣ መሄድ ስትችል ራሷ ቀረች ይላል። እኔ ደግሞ ይህን ለማሳመር ገበያ ለገበያ ስዞር ከርሜያለሁ።

አሁንም ግን የማን ልጅ እንደሆነች አላወቅሁም ነበር። መስተዋቱን ልንገርሽ። ሌንሱ ስለሰፋ እኔም፣ ካሜራዬም፣ የራስ ቆቤም መስተዋቱ ውስጥ ቁጭ ብለናል። ይህ በእኛ ሥራ ነውር ነው፣ ቀራጭ አይታይም። መስተዋቱን ላወርደው እጄን ስዘረጋ እማማ ዙራካን እጄን ያዙኝ። «ተወው። አንተ መታየት አለብህ» አሉ። ቀራጭ እኮ ነኝ ብላቸው «ቀራጭማ ሞልቷል። አንተን ያስጠራንህ ለካሜራው ይመስልሃል?» ብለው ጉንጬን ቆነጠጡኝ። ከዚያ፣ ስለ ሻይ እንደሚያወሩ ሁሉ፣ የልጅቷ መነጽር ያንጸባርቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ዓይኗ እንዲታይ ይሻላል፣ ካስፈለገ እናወልቅላታለን አሉ።

ከወንዙ ወዲህም ወዲያም መነጽር የምታደርግ አንድ ልጅ ናት ያለችው። የእናቷ ወንድም ካለበት ቤት ውስጥ መሐረብ ካሰረች ደግሞ ማንም ጠለፋ ነው አይልም፤ ዘመድ ባለበት ተስማማች ነው የሚባለው። ልጅሽ ቤጋይም ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ የምትመጣው በየትኛው ሚኒባስ እንደሆነ ያውቃሉ። ሐሙስ እንደምትመጣም ከአፋቸው ወጣ። እኔ ራሴ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ቀኑን አላውቅም ነበር።

እንዴት አወቁ ብዬ ራሴን ስጠይቅ እማማ ዙራካን ሙከራው እንዲሟላ ብለው ነጭ የሱፍ ሻርፕ ከሳጥን አውጥተው ምራታቸው ራስ ላይ ጣሉት። የሩሲያው የኦረንቡርግ ሻርፕ ነው፣ ከቀለበት ውስጥ የሚያልፈው ዓይነት። በካሜራዬ ተገልብጦ አየሁት፣ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ። ጫፉ ላይ በቀይ ክር የተጠለፈች ትንሽ የበግ ቀንድ አለች። በፋብሪካው ማደሪያ ዕቃ እየጠፋ ተቸግረሽ፣ በፎጣሽም በካልሲሽም በላክሽልኝ ሹራብም ላይ የምትጠልፊያት ዓይነት። ከየት አመጡት አልኳቸው። «ዘመድ ላከልን» አሉ። «ሱፉ ጥሩ ነው።»

አዎ፣ ጥሩ ሱፍ ነው።

ለመናደድ ጊዜ አልነበረኝም፣ አሁን ግን አለኝ። ተናድጃለሁ። አንቺም ተጠልፈሽ ስትገቢ መጋረጃው ውስጥ ሾርባሽ እስኪቀዘቅዝ አልቅሰሽ፣ ከዚያ ዓይንሽን ጠርገሽ እንደበላሽ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። «ይለመዳል» ብለሽኝ ነበር። ምን እንደምትፈሪም አውቃለሁ። ልጅቷ በሰው ከተማ ብቻዋን ናት፣ አንቺ ሩቅ ነሽ፣ ሜደርቤክ ደግሞ ሰካራም አይደለም፣ ቤቱ ሙሉ ነው። ይህን ሁሉ በስልክ ብትነግሪኝ ኖሮ እሺ እል ነበር ብዬ ሳስብ ከሁሉ ይልቅ እሱ ያስፈራኛል።

ለእማማ ዙራካን ሁሉም ተዘጋጅቷል አልኳቸው። እንዳይጠረጥሩኝ ካሜራዬን፣ አዳፕተሩን፣ ሦስቱንም ሌንስ እዚያው ክፍል፣ በመቆሚያው ላይ እንደቆመ ተውኩት፤ ቦታው እንዳይዛነፍ ማንም አይንካው አልኳቸው። መርቀው ሸኙኝ። ሌላ ካሜራ የለኝም፤ ወደዚያ መንደርም ከእንግዲህ የምመለስ አይመስለኝም። ረቡዕ ጠዋት ቢሽኬክ ነበርኩ፣ የቤጋይም ማደሪያ በር ላይ።

ሐሙስ ሚኒባሱ ያለ እሷ ነው የገባው። ሜደርቤክና ጓደኞቹ መታጠፊያው ላይ መኪና አቁመው ሲጠብቁ ዋሉ ብሎ ሾፌሩ በስልክ ነገረኝ። አሁን በየከተማው የሚያውቁትን ሁሉ እየደወሉ ነው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከየት እንደተላከ ፖስታው ላይ አትፈልጊ፤ ሌላ ከተማ የሚሄድ ሰው ነው ሳጥን ውስጥ የሚከትልኝ። እኔ እህቴን አምናለሁ። ግን ብትደውዪም የት እንዳለን አልነግርሽም።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ እንጀራሽን ያብዛልሽ። ይህን ምርቃት ከልቤ ነው የምልሽ፤ ቁጣዬም ከልቤ ነው።

ሳላጥፈው ቤጋይም አነበበችው። ልደብቃት ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። እስከ መጨረሻው አንብባ ስለ ሻርፑ የጻፍኩትን ደግማ አነበበች። ለእናትሽ ምን ልበልልሽ አልኳት። «ጉልበቷን በደንብ ጠይቀሃታል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲያው የእኔን ሰላምታ አትጻፍ» አለች።

ወንድምሽ