የማላውቀው ሰው ልቅሶ

ሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 1922

ዋሸሁ። «ገመቹን ድሬዳዋ አውቀው ነበር» አልኩ። እንዲያ ባልል ዳሱ ውስጥ የሚያስቀምጠኝ ያለ አልመሰለኝም።

የጋዜጣው አለቃዬ ከአዲስ አበባ ሲልከኝ «የአዳማን ሰው ልቅሶ ጻፍልን። እንደ መንገደኛ ቆመህ አትጠይቅ፤ አብረህ ተቀመጥ፣ አብረህ ብላ፣ አብረህ አልቅስ» ብሎኛል። ከባቡር እንደወረድኩ መርዶ የገባበትን ቤት አጠያየቅሁ። ወይዘሮ ድንቄ ይባላሉ፣ ባል የሞተባቸው ናቸው። አንድ ልጃቸው ገመቹ ሐዲድ ሊሠራ ድሬዳዋ ወርዶ ንዳድ ገደለው። እዚያው ተቀበረ።

ብዙ አየሁ። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ሰሌን ላይ ነው። አንዷ በአማርኛ ስታለቅስ ሌላዋ በኦሮምኛ ትቀበላለች። እኔም አለቀስኩ። እንባው የእውነት ነበር፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ማክሰኞ

ወይዘሮ ድንቄ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እጄን ይዘው «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አትሂድ ብዬው ተጣልተን፣ ሳልመርቀው ነው የወጣው። ቂም ይዞብኝ ነበር?» አሉኝ።

«እናቴ በልቧ መርቃኛለች ይል ነበር» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። መርዶው ከመጣ ጀምሮ እህል ያልቀመሱት ሴትዮ አጥሚት ጠጡ። ጎረቤታቸው አቶ አህመድ «አላህ ነው የላከህ» ብለው ትከሻዬን ሳሙ። የኔን ትከሻ! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ረቡዕ

አስለቃሿ አዲስ ሙሾ አወረደች። ገመቹ በረሃ ላይ ተኝቶ «እናቴ በልቧ መርቃኛለች» ይላል። ደረት ተደቃ፣ ፊት ተነጨ። እኔ ከዳሱ ጀርባ ሆኜ እየተጣደፍኩ እጽፋለሁ። ጨርሼ ሳነበው ነው የገባኝ። ልመዘግበው የመጣሁት የአዳማ ሙሾ የገዛ ውሸቴ ሆኖ አረፈው።

ጋዜጣውስ ይቅር። ሴትዮዋ ልጃቸውን በዓይኑ ባላየ ሰው ቃል ተጽናንተዋል። ብናገር እንደገና እህል ይተዋሉ። ዝም ብልም እያዩኝ «የልጄ ወዳጅ» ይላሉ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ሐሙስ

ነገርኳቸው። ጠዋት፣ ሰው ሳይሰበሰብ። «እማማ፣ ገመቹን አላውቀውም። ለጋዜጣ የምጽፍ ሰው ነኝ። እርስዎ ቤት ለመግባት ብዬ ነው የዋሸሁት።» ይጮሃሉ፣ ያባርሩኛል ብዬ ነበር። አልጮሁም። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው «እንግዲያ ልጄ ሲሞት ምን እንዳለ የሚያውቅ የለማ» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልወጣ ስነሳ ጠሩኝ። «የሰው ቤት ገብቶ መጠየቅ ሥራህ ከሆነ፣ ያስታመመውን ሰው ፈልገህ እውነቱን አምጣልኝ» አሉ።

ዓርብ

ጣቢያ ነኝ። የምልከው የለኝም ብዬ ለአለቃዬ ቴሌግራም አደረግሁ። የምጠብቀው ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን ባቡር ነው። እዚያ ማንም ደጅ ስደርስ መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ፣ ለምን እንደመጣሁ እናገራለሁ። ይህችን እንኳ ተምሬአለሁ።

ቂም ይዞ ሞቶ ቢሆንስ? ዛሬ ስሰናበታቸው ይህንኑ ያሰቡ መሰለኝ፤ «ክፉም ከሆነ ለብቻዬ ንገረኝ» አሉ። እሺ አልኩ። ግን ፊታቸው ስቆም አንጀቴን በልተውኝ ዳግመኛ እንዳልዋሻቸው እፈራለሁ።