የዋጥኳት «ነበር»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለኩኩ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። መንዳት የማሠለጥንባት መኪናም እንደ እኔው ናት፤ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ታስልና ከዚያ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ትውላለች።

የምጽፍልሽ ሳላማክርሽ ያደረግሁት ነገር ስላለ ነው። በስልክ ልነግርሽ ደውዬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት ዓይን የለውም፣ አያሳፍርም።

የእጮኛሽ እናት በቪዲዮ የደወሉልኝ ዕለት አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ። አስተርጓሚ የለን፤ እሳቸው ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ። የሠርጉን ነገር ሲያነሡ «ባለቤቴ ብትመጣ ደስታዋን አትችለውም ነበር» ልላቸው ፈለግሁ። ቃሎቹን እንደምንም ገጣጠምኩ። የእኛዋን «ነበር» ግን በእንግሊዝኛ የት እንደምሰካት ስላላወቅሁ ዋጥኳትና «ኢፍ ማይ ዋይፍ ካም፣ ሺ ቬሪ ሃፒ» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። እኔም ተግባባን ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ከቀናት በኋላ የአንድ ክፍል ፎቶ ላኩልኝ። አዲስ አንሶላ የተነጠፈበት አልጋ፣ ሁለት ትራስ፣ ከአልጋው ሥር ደግሞ የሴት ነጠላ ጫማ። ከፎቶው በታች ረዘም ያለ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበረ።

አሁን የማሠለጥናት አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት አለች። እኔ «ቲቸር» እላታለሁ፣ እሷ «ጋሼ» ትለኛለች። ወደ ፊት ስትነዳ ማንም አያህላትም፤ የኋላ ማርሽ ስታስገባ ግን ያገሩ ምሰሶ ሁሉ ይጠራታል፤ በዚሁ ፈተናዋን ወድቃለች። መብራት ይዞን ቆመን ሳለ ጽሑፉን አሳየኋት።

«ለባለቤትዎ መኝታ አዘጋጅቻለሁ፣ የጫማ ቁጥራቸው ይህ ካልሆነ ይንገሩኝ ይላል» አለችኝ። «አብረው ሊሄዱ ነው እንዴ፣ ጋሼ?»

«ባለቤቴ እኮ አርፋለች» አልኳት።

እግሯ ከፍሪሲዮኑ ላይ ተነሣና ሞተሩ ጠፋ። አረንጓዴው መብራት በርቶ ከኋላ ክላክሱ ይቀልጣል፤ ሁለታችንም አልሰማነውም።

ጥግ ይዘን ከቆምን በኋላ ለእጮኛሽ እናት ያልኩትን ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። «ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ገና ሊመጣ ለሚችል ሰው ነው» አለችኝ። «ለማይመጣ ሰው ሌላ አነጋገር አለው። ‹ሃድ› ይገባበታል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ‹ውድ ሃቭ›። የእኛ ‹ኖሮ› እና ‹ነበር› ማለት ናቸው።»

ከዚያ ወዲህ እሷ ከኔ መንዳት ትማራለች፣ እኔ ከሷ እንግሊዝኛ። ፓስት ፐርፌክት የሚሉት አላስቸገረኝም። ሁለት ነገር አልፎ የትኛው እንደቀደመ መለያ ነው። «ጋሼ ፍሬን ሲይዙ እኔ ግንቡን ገጭቼ ነበር» ብላ አስረዳችኝ፤ ግንቡም ምስክሯ ነው። «ቢሆን ኖሮ» የሚባልበት ኮንዲሽናሉ ነው ያስቸገረኝ። «ኢፍ ሺ ሃድ» እልና ቀሪውን ትቼ የኋላ ማያውን ስፖኪዮ የማስተካክል እመስላለሁ። ቲቸር አንድም ቀን አላጣደፈችኝም፤ ወደ ውጭ እያየች ትጠብቀኛለች።

እሑድ ለእጮኛሽ እናት እኔው ደወልኩላቸው። አንቺ አጠገባቸው እንዳልነበርሽ አውቃለሁ፤ ሆን ብዬ ነው። ሰላምታ እንኳ ሳላሟላ «ኢፍ ሺ ሃድ ሊቭድ፣ ሺ ውድ ሃቭ ካም» አልኳቸው። በሕይወት ብትቆይ ኖሮ ትመጣ ነበር ማለት ነው።

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ እንድሰማቸው ቃሉን እየለያዩ፣ ልጅዎ ስለ እናቷ ስታወራ ሁልጊዜ «እናቴ እንዲህ ትላለች፣ እናቴ ይህን ትወዳለች» ነው የምትለኝ፤ አንድ ቀን እንኳ በኃላፊ ጊዜ አልነገረችኝም አሉኝ።

ልጄ፣ ያንቺ እንግሊዝኛ እንደኔ አይደለም። «ትላለች» እና «ትል ነበር» አይምታቱብሽም። እናትሽ ስታርፍ የመኖሪያ ወረቀትሽ ስላላለቀ መምጣት አልቻልሽም፤ ስትቀበር አላየሽም። ላላየ ሰው «ነበር» እንዴት ከአፉ ይወጣል? እኔ በገዛ እጄ አፈር አልብሼያት እንኳ ያቺን ቃል ለማውጣት ስንት ቀን መኪና ውስጥ ስንተባተብ ከረምኩ። ስለዚህ አልተቀየምኩሽም፣ አንቺም ቀደመኝ ብለሽ አትቀየሚኝ። የሰው ቤት እሷን ብሎ ተነጥፎ ሲጠብቅ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እሳቸውም እሷው እስክታነሣው ድረስ እኔ አላነሣባትም ብለውኛል። ልንሰናበት ስንል ደግሞ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ማይ ሃዝባንድ ውድ ሃቭ ላይክድ ዩ» አሉኝ፤ ባለቤቴ ይወድዎት ነበር ማለት ነው። የእጮኛሽን አባት ነገር ጠይቄ አላውቅም፤ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው እያልኩ ነበር የማስበው። ያቺን «ውድ ሃቭ» ስሰማ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። አንገቴን ደፋሁ፣ እሳቸውም ደፉ። እንዲያ ሆነን ስንቆይ ስልኩ ራሱ ተቋረጠ።

ደግ ሰው ናቸው። መንገር ስትፈልጊ ብቻ ንገሪያቸው። ካልሆነልሽም ግድ የለም፤ እኔ ስመጣ አጠገብሽ እቀመጥና አብረን እናወራላቸዋለን።

በይ እንግዲህ፣ ጎጆሽን የሳቅ ያድርግልሽ። የያዝሽው ይባረክ፣ የተመኘሽው ይቅናሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ። ብርዱ ከባድ ነው ስላልሽኝ አንገትሽን ሸፍኝ፤ ቁርስ ሳትበዪ አትውጪ።

እናትሽም ትስምሻለች።

አባትሽ